ጸበልና ኪኒን ይጣላሉ እንዴ?

ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሃይማኖትና የሳይንስ ጨዋታ ሲነሳ ተደጋግመው የሚሰሙ አባባሎች አሉ። ጥቂቶቹን እንያቸው።

«የደብረ ብርሃንን ብርሃን ሳይንስ ውድቅ አድርጎታል።»
አላደረገም። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃን ከሰማይ ታየ ብለው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማዋም ስሟን ከዚያ አገኘች። ብርሃኑ በ1456 እ.ኤ.አ. የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም የሚሉ አሉ። ግምት ነው። ቢረጋገጥ እንኳ የሚነግረን ሰማይ ላይ ምን እንደነበረ ብቻ ነው። ንጉሡ «ምልክት ነው» ማለታቸውን በቴሌስኮፕ የሚለካ የለም።

«ሳይንቲስት አያምንም፣ ቄስ ስሌት አያውቅም።»
የዘር ውርስን ሕግ አተር እየዘራ ያገኘው ሜንዴል መነኩሴ ነበር። ለቢግ ባንግ (ዩኒቨርስ ከታላቅ ፍንዳታ ጀመረ ለሚለው) ሐሳብ መሠረት የጣለው ጆርጅ ለሜትር ደግሞ የካቶሊክ ቄስ። ስሌት ካላችሁ የባሕረ ሐሳብ መምህር ፊት ቁጭ በሉ፤ በ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ፋሲካን ያለ ካልኩሌተር ያወጡላችኋል።

«ጸበል የጀመረ ሰው መድኃኒት ማቆም አለበት።»
ይሄኛው ሰው ይገድላል፤ ስለዚህ ረዘም ላድርገው።

ጻድቃኔ ማርያምም ሸንኮራ ዮሐንስም ከየአገሩ ጸበልተኛ ይመጣል። «ኪኒን ከዋጥክ እምነትህ ጎደሎ ነው» የሚል መካሪ አይጠፋም። የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት ግን ይህ አይደለም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ እርስ በርስ አይጣሉም ብለው በይፋ ተናግረዋል።

የቲቢ መድኃኒት በተለምዶ 6 ወር ይወሰዳል። ሳሉ ግን በሳምንታት ውስጥ ይቀንሳል። ያኔ «ድኛለሁ» ብሎ የሚያቋርጥ ብዙ ነው። ተህዋሱ አላለቀም፤ መድኃኒቱን ተላምዶ ሊመለስና ለቤተሰብም ሊተርፍ ይችላል። ኤች አይ ቪም እንዲሁ ነው። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ደም ውስጥ ቫይረሱ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። አልታየም ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም፤ መድኃኒቱ ሲቆም ተመልሶ ይባዛል። የሚጥል በሽታ መድኃኒትን ድንገት ማቆም ደግሞ ራሱ ከባድ መንቀጥቀጥ ሊያስነሳ ይችላል።

ጥፋቱ የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። «ጸበሉን ተውና ና» የሚል የጤና ባለሙያም ነገር ያበላሻል። ታማሚው ጸበሉን አይተውም፤ መሄዱን ነው የሚደብቀው። «ስንት ቀን ትቆያለህ? የሚበቃህን ኪኒን ልስጥህ» ቢለው በስንት ጣዕሙ!

«በጾም ኪኒን መዋጥ ጾም መሻር ነው።»
ቤተ ክርስቲያን በጾም ሕመምተኛን አታስጨንቅም። ስኳር ያለበት ሰው ኢንሱሊን ተወግቶ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበላ ቢቆይ፣ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ፣ የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር መጨረስ ያለበት ጾሙ ሳይገባ ነው።