ድቅል በቆሎ ምንድን ነው? ዘሩስ በእርግጥ «ተገድሏል»?

ስለ ድቅል በቆሎ ወሬ በተነሣ ቁጥር ሁለት አባባሎች ተከታትለው ይመጣሉ። አንደኛው «ዘረመሉ (ጂኑ) በቤተ ሙከራ የተለወጠ ነው» ይላል፤ ሁለተኛው «ተመልሶ እንዳይዘራ ዘሩ ተገድሏል» ይላል። በቅርቡ አንድ አስተያየት ሰጪ ሁለቱን አጣምሮ «ድቅል በቆሎ እንደ በቅሎ መካን ነው፤ ገበሬው በየዓመቱ እንዲገዛ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው» ብሎ ጻፈ፤ ብዙ ሰውም ተቀባበለው። ይህ በእርሻው ላይ የሚያስከትለው ጉዳት ባይኖር ኖሮ አልፌው በሄድሁ ነበር። ነገር ግን በሰሜን ሸዋ፣ በቀወት ወይም በኤፍራታና ግድም ቆላ ያለ ገበሬ ይህን ሰምቶ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ የሚጠቅመውን ዘር ይሸሻል፤ ወይ ደግሞ ካለፈው ዓመት ምርት ያስቀረውን ዘርቶ በደንብ ሲበቅልለት «መካን ነው ያሉት ሐሰት ነው» ብሎ ማሳውን በሙሉ በእርሱ ይሸፍናል። የሚጎዳው ሁለተኛው ይበልጣል።

ድቅል በቆሎ ማለት ተመርጠውና ተለይተው የተያዙ ወላጆችን በማዳቀል የሚገኝ የመጀመሪያው ትውልድ ዘር ነው። «የመጀመሪያው ትውልድ» የሚለውን አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚያ ላይ ነውና።

በቆሎ ወንዴና ሴቴ አበባውን በአንድ አገዳ ላይ፣ ነገር ግን በተለያየ ቦታ ይይዛል። ወንዴው አናቱ ላይ ተበትኖ የምናየው ሲሆን፣ ሴቴው ከአገዳው ወገብ የሚወጣው እሸት ነው። እሸት ስንልጥ ከእጃችን ላይ የሚጣበቀው ያ ጸጉር ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ እያንዳንዱ ክር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ከላይ የወረደ ብናኝ ክሩ ላይ አርፎ እስከ ሥሩ ካልዘለቀ ያቺ ፍሬ አትሞላም። ፍሬው እዚህም እዚያም የዘለለ ቆረቆንዳ ያየ ሰው ብናኝ ያላገኙትን ክሮች ቦታ አይቷል ማለት ነው። ብናኙን የሚያጓጉዘው ነፋስ ነው፤ ነፋስ ደግሞ የማሳ ድንበር አያውቅም። ስለዚህ በአንድ ቆረቆንዳ ላይ ጎን ለጎን የተደረደሩ ፍሬዎች እናታቸው አንድ ሆና አባታቸው የተለያየ፣ አንዳንዱም የጎረቤት ማሳ ሊሆን ይችላል።

ከጤፍ፣ ከስንዴና ከገብስ ጋር ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ሦስቱ ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ሰብሎች ናቸው፤ አበባቸው ከመከፈቱ በፊት ወይም ገና ሲከፈት ነገሩ አልቋል። የሞረትና ጅሩ ገበሬ ጥሩውን ስንዴ ለይቶ ጎተራ ቢያስቀር በሚቀጥለው ዓመት የሚያገኘው ያንኑ ስንዴ ነው። የቆላው ገበሬም የማሽላውን ዛላ ከማሳው መካከል እየመረጠ ለዘር ሰቅሎ ሲያስቀር፣ ማሽላ ጥቂት ከሌላ ቢቀላቀልም በአብዛኛው ራሱን ስለሚያዳቅል፣ አያቱ የዘራውን ዓይነት ይዞ ይዘልቃል። በሰሜን ሸዋ ዘር የማስቀረት ልማድ የተማረው ከእነዚህ ሰብሎች ነው፤ ልማዱ ትክክል ነው፤ ድቅል በቆሎ ላይ ሲደርስ ብቻ ሳይሠራ ይቀራል። ገበሬው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ ምንም አላጠፋም ነው፤ የሰብሉ አዳቃቀል ሌላ ሆኖበት ነው።

አስተያየት ሰጪው ያመጣው የበቅሎ ምሳሌ ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ሰውን የሚያሳስተው፤ እኔም በዚያው እሄዳለሁ። በመንዝ በቅሎ የሚፈልግ ሰው ባዝራውን ከወንድ አህያ ጋር ያገናኛል። የምትወለደው በቅሎ ለዳገትና ለጭነት ከሁለቱም ወላጆቿ ትበረታለች። ድቅል በቆሎም እንዲሁ ነው፤ ወላጆቹ ለተከታታይ ትውልዶች በራሳቸው ብናኝ ብቻ እየተዳቀሉ የጠሩ፣ ቁመታቸው ያጠረና ምርታቸው የቀነሰ ተክሎች ሆነው ሳለ፣ ሲጋቡ የሚወልዱት ልጅ ከሁለቱም እጅግ ይበልጣል። ሌላ በቅሎ ሲያስፈልግ ደግሞ ወደ ባዝራዋና ወደ አህያው መመለስ ግድ ነው፤ ድቅል ዘርም በየዓመቱ ከወላጆቹ እንደገና መሠራት አለበት። እስከዚህ ድረስ ምሳሌው ልክ ነው። ከዚህ በኋላ ግን በቅሎ አትወልድም፤ በቆሎ ይወልዳል። በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል፤ የድቅል በቆሎ ልጆች ግን አባትም እናትም የሚደብቁ አይደሉም። በቅሎ መውለድ ብትችል ኖሮ ከልጆቿ አንዱ ወደ ፈረስ፣ አንዱ ወደ አህያ፣ ሌላውም ወደ መካከል እያደላ አንድ የማይመስል መንጋ ይወጣ ነበር፤ ከድቅል ላይ በቀረ ዘር የተዘራ ማሳ የሚመስለው ያንን ነው።

እንዲህ ያለ ማሳ ዳር ቆሞ ማየት ከብዙ ማብራሪያ ይበልጣል። በመጀመሪያው ዓመት በገመድ የተለካ ይመስል የነበረው አናት በሁለተኛው ዓመት አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ይላል፤ አንዳንዱ አገዳ ወንዴ አበባውን አውጥቶ ሲጨርስ ሌላው ገና ቅጠል ላይ ነው፤ እሸቶቹም በመጠንም በሚደርሱበት ጊዜም አይገናኙም። ዘሩ አልሞተም፤ እንዲያውም ጥሩ አድርጎ በቅሏል። የጠፋው ብርታቱ ነው። ሁለት የጠሩ ወላጆች ብቻ ባሉት ድቅል ላይ ከመዳቀል የተገኘው ብልጫ በሚቀጥለው ትውልድ በግማሽ ይቀንሳል፤ በባኮ ምርምር እንደወጣው እንደ ቢኤች 660 ያለ የሦስት ወላጆች ድቅል ላይ ግን ቅናሹ ከግማሽ ያነሰ ነው። በዚህም ምክንያት የዘር ገንዘብ ያጣ ገበሬ ከድቅሉ ያስቀረውን ሲዘራ እንደ ሞኝ ሊታይ አይገባም፤ ኪሳራውን ዐውቆ መወሰን መቻሉ ነው ዋናው።

«ቁንጮ ጤፍም የተዳቀለ ነው፤ እርሱ እንዴት ዘሩ ይቀራል?» የሚል ጥያቄም ይቀርባል፤ ጥሩ ጥያቄ ነው። በ1998 ዓ.ም የወጣው ቁንጮ በደብረ ዘይት ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በእጅ በማዳቀል የተጀመረ ነው፤ ይሁን እንጂ ከመዳቀሉ በኋላ ለብዙ ትውልድ እየተመረጠ ጠርቶ፣ ራሱን የሚደግም ዝርያ ሆኖ ነው ለገበሬው የደረሰው። ማዳቀል ዝርያ ለመፍጠር የሚያገለግል ሥራ ሲሆን፣ ድቅል ዘር ደግሞ ያ ሥራ በየዓመቱ በዘር ብዜት ማሳ ላይ የሚደገምበት ምርት ነው። በዚያ ማሳ ላይ እናት እንዲሆኑ በተዘሩት ረድፎች ላይ ያለው ወንዴ አበባ ብናኝ ከመልቀቁ በፊት አንድ በአንድ በእጅ ይነቀላል፤ ማሳውም ከሌላ በቆሎ ርቆ መዘራት አለበት። የዘሩን ዋጋ ከፍ ከሚያደርጉት ምክንያቶች አንዱ ይህ የእጅ ሥራ ነው።

ዘረመል መለወጥን በተመለከተ በአጭሩ እመልሳለሁ። ቢኤች 140 በ1980 ዓ.ም፣ ቢኤች 660 በ1985 ዓ.ም በባኮ ምርምር የወጡ ድቅሎች ናቸው፤ ዘረመሉ የተለወጠ በቆሎ በዓለም ላይ ለገበያ መዘራት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1996 (በእኛ 1988 ዓ.ም) ነው። ከመኖሩ በፊት የወጣን ነገር በእርሱ መክሰስ አይቻልም። ማዳቀሉ ራሱ በአሜሪካ በዕፅዋት ተመራማሪው በጆርጅ ሸል ሙከራ እ.ኤ.አ. ከ1908 ጀምሮ የሚታወቅ የመስክ ሥራ ነው። ዘሩ ተመልሶ እንዳይበቅል የሚያደርግ ቴክኒክ እ.ኤ.አ. በ1998 በአሜሪካ የፈጠራ መብት አግኝቶ ነበር፤ «ዘሩ ተገድሏል» ለሚለው ወሬ ከምንጮቹ አንዱ ይህ ይመስለኛል፤ ነገር ግን ገበያ ላይ ውሎ አያውቅም።

ለምግብ ሲሆን የድቅሉ ፍሬ እንደ ማንኛውም በቆሎ ነው። በከተማ መንገድ ዳር በከሰል የሚጠበሰው እሸት፣ ንፍሮው፣ ቂጣው፣ ገንፎው፣ ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንጀራ የሚሆነው ዱቄት፣ የዶሮ መኖው ሁሉ ከድቅል ቢመጣ ለበላተኛው የሚያሠጋው ነገር የለም። የሚያሠጋው በደንብ ሳይደርቅ መከማቸቱ ነው፤ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በላይ ሆኖ ጆንያ ውስጥ የገባ በቆሎ ሻጋታ ይይዛል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊመጣ ይችላል። አልተጠየቅሁም፤ ግን ሰው የሚፈራው ሌላ፣ የሚጎዳው ሌላ ሆኖ ሳይ ዝም ማለት አልችልም። የፕሮቲን ጥራቱ የተሻሻለውን በቆሎ ለልጆች ገንፎ ብሎ የሚዘራ ሰውም ከተራ በቆሎ ማሳ ያርቀው፤ የጎረቤት ብናኝ ሲደርስበት ያ ጥራት እዚያው ፍሬው ላይ ይጠፋል።

ድቅል ሁሉ ለሁሉም ቦታ ነው ማለቴም አይደለም። ቢኤች 660 ለመድረስ አምስት ወር ያህል የሚፈልግ፣ ዝናብ ለሚበዛበት ወይና ደጋ የወጣ ዝርያ ነው፤ ዝናቡ ቶሎ በሚያቆምበት የሸዋ ሮቢት ቆላ ያለ መስኖ ቢዘራ ፍሬ ሳይሞላ ይደርቃል፤ በደብረ ብርሃን ዙሪያ ደግሞ ውርጭ ይቀድመዋል። ለእንዲህ ያለው ቆላ ከመልካሳ ምርምር ማዕከል የወጡት ቶሎ ደራሽ ዝርያዎች፣ ለምሳሌ መልካሳ 2፣ የተሻለ ምርጫ ናቸው። መልካሳ 2 ድቅል ስላልሆነ ገበሬው ከማሳው መካከል፣ ከዳሩ ሳይሆን፣ ከብዙ አገዳ ጥሩ ጥሩውን መርጦ ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሊዘራው ይችላል።

አስተያየት ሰጪው ያነሣው ቁጣ መሠረት የለውም ብዬ አላምንም። በየዓመቱ ዘር የሚገዛ ገበሬ ዘሩ ሲዘገይ የዝናቡ ወቅት ያልፍበታል፤ ተራ እህል ቀለም ተቀብቶ በምርጥ ዘር ከረጢት ሲሸጥለት ደግሞ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከረጢት ገዝቶ ያልበቀለለት ሰው የደረሰበት ይህ ነው፤ «ዘሩ ተገድሏል» የሚለው ወሬም ሻጩን ከተጠያቂነት ያድነዋል። ስለዚህ 12.5 ኪሎው ከረጢት ሲገዛ ስፌቱ ያልተፈታ መሆኑ፣ የዝርያው ስምና የብዜት ዘመኑ የተጻፈበት ካርድ መኖሩ ይታይ፤ ከመዝራት በፊትም 100 ፍሬ ተቆጥሮ በእርጥብ ጆንያ ይጠቅለልና በሳምንቱ የበቀለው ይቆጠር። ካርዱና ከረጢቱ እስከ አጨዳ ይቀመጡ፤ አቤቱታ ለማቅረብ ማስረጃው እነርሱ ናቸው።