ኤምባሲው ሰሊጣችሁን አይሸጥላችሁም

አውሮፓ ካሉት ኤምባሲዎቻችን በአንዱ፣ የንግድ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ይህን የሰማ ዘመድ ሁሉ ሠርግም ላይ ለቅሶ ቤትም «ለመሆኑ ኤምባሲ ምን ይሠራል?» ይለኛል። ስመልስለት ግን አይሰማኝም። እስቲ ከሚነግሩኝ የተሳሳቱ ወሬዎች ትንንሾቹን ላስቀድም።

«የኤምባሲው ግቢ የኢትዮጵያ መሬት ነው።» አይደለም። መሬቱ የአስተናጋጁ አገር ነው። የ1961ዱ የቪየና ስምምነት የሚለው፣ ያለ አምባሳደሩ ፈቃድ የአገሩ ፖሊስ አይገባም ነው። በቃ።

«አምባሳደሩ ቢደውል ያስፈታኛል።» ፍርድ ቤት የሚያዝ አምባሳደር የለም። ቆንስላው መጥቶ ይጠይቃችኋል፣ ጠበቃ እንድታገኙ ያግዛል፣ ለቤተሰብ ያሳውቃል። ከታሰራችሁ ግን «ለኤምባሲዬ ይነገርልኝ» በሉ፤ መብታችሁ ነው። ካልጠየቃችሁ ላይነግሩላችሁ ይችላሉ።

«ቢጫ ካርድ ዜግነት ነው።» ካርዱ የውጭ ዜግነት ላላቸው ትውልደ ኢትዮጵያውያን የሚሰጥ መታወቂያ ነው፤ ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ያሠራል። ምርጫ ግን አያስመርጥም። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትፈቅድም።

«ውጭ ጉዳይን ከንግድ ምን አገናኘው?» ምኒልክ በ1900 ዓ.ም የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ንግድንም ውጭ ጉዳይንም የሰጡት ለአንድ ሰው ነው፤ ለነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል። ያ ሩቅ ነው ካላችሁ አጎዋን፣ የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ የሚገባበትን ዕድል፣ አስታውሱ። አሜሪካ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኢትዮጵያን ከዕድሉ ያስወጣችው በሰሜኑ ጦርነት የተነሳ ነው። ዱላው ያረፈው ግን ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ በሚሰፉ ልጆች ላይ ነበር።

«ኤምባሲው ገዢ ያመጣልኛል።» እዚህ ጋ ትዕግሥቴ ያልቃል።

የንግድ ክፍሉ ኤግዚቢሽን ላይ ቦታ ያስይዛል፣ አስመጪ ይጋብዛል፣ የአገሩን ሕግ ለላኪው ይነግራል፣ ጭነት ሲያዝ ከሚመለከተው ቢሮ ጋር ይነጋገራል። ዕቃው ግን የነጋዴው ነው።

አንድ ሰሊጥ ላኪ መጣ። ከስንት ልመና በኋላ ከአንዲት ትልቅ አስመጪ ጋር አገናኘነው። ሴትዮዋ መጀመሪያ የጠየቀችው የላቦራቶሪ ውጤት ነው። እሱ «የእኛ ሰሊጥ እኮ ተፈጥሯዊ ነው፣ ገበሬው ማዳበሪያ እንኳ አያውቅም» አላት። እሷ የምታወራው ስለ ሳልሞኔላ፣ ምግብ ስለሚመርዘው ባክቴሪያ! የአውሮፓ ኅብረት የእኛን ሰሊጥ ለሳልሞኔላ፣ ዝንጅብልና እርዳችንን ለአፍላቶክሲን (ለሻጋታ መርዝ) ድንበር ላይ ለይቶ ይመረምራል። ጭነቱ ከተመለሰ የምትከስረው እሷ ናት። እንደዚያም ሆኖ «ናሙና ላክልኝ» አለችው። እሺ ብሎ ሄደ። ናሙናው የውሃ ሽታ ሆነ። እኔ ሴትዮዋ ስትደውል ስልክ ማንሳት እያፈርኩ፣ እሱ አዲስ አበባ ላይ «ኤምባሲው ምንም አልረዳኝም» ይላል አሉ።

መላክ የምታስቡ፣ እባካችሁ። የላቦራቶሪ ውጤት ሳትይዙ ቲኬት አትቁረጡ። ዋጋችሁን በዶላር፣ በኤፍኦቢ ጅቡቲ፣ ማለትም ዕቃው ጅቡቲ መርከብ ላይ እስኪጫን ባለው ወጪ፣ አስሉ፤ «በዋጋው እንነጋገራለን» ማለት እዚያ ዋጋውን አላውቀውም ማለት ነው። በወር ስንት ኮንቴይነር እንደምታቀርቡ እወቁ፣ ከአቅማችሁ በላይ ቃል አትግቡ። ኢሜይል በማግስቱ መልሱ፤ መልሱ «አይሆንም» ቢሆንም እንኳ። ቡና ከሆነ ደግሞ የማሳውን መገኛ ከአሁኑ መዝግቡ። ኅብረቱ በ2023 ያወጣው ሕግ፣ ቡናው ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ አለመብቀሉን አሳዩ ይላል። የሚጀምርበት ቀን ተራዘመ ብላችሁ አትተኙ።

«ቱሪስት በፖስተር ይመጣል።» የላሊበላን ፎቶ ያላየ አስጎብኚ ድርጅት የለም። የሚጠይቁን ስለ መንገዱ ደኅንነት ነው። መንግሥታቸው «ወደዚህ አትሂዱ» የሚል የጉዞ ማስጠንቀቂያ ካወጣ ብዙ ኢንሹራንሶች አይሸፍኑም፤ ኢንሹራንስ ከሌለ ቡድኑ አይነሳም። ስለዚህ የኤምባሲው ትልቁ የቱሪዝም ሥራ፣ ሰላም የሆነው አካባቢ ከማስጠንቀቂያው እንዲወጣ የአገሩን ባለሥልጣናት ማሳመን ነው። መረጃ ይዞ መከራከር ነው፤ ፎቶ አይነሳበትም፣ ዜናም አይሆንም። አገር ቤት ሰላም ሳይኖር ደግሞ የትኛውም ዲፕሎማት አያሳምንም።

«ዲፕሎማት ግብዣ ለግብዣ ሲበላ ነው የሚውለው።» ግብዣው እውነት ነው። መብላቱ ግን የለም። አፉን የሞላ ሰው ከአስመጪ ጋር አያወራም፤ እኔ ቤቴ በልቼ ነበር የምሄደው። ጾም ከሆነማ ተዉት፣ ከአይቡ አጠገብ ውሃ ይዞ መቆም ነው።