ከውጭ የሚላክ ሄድፎን፦ ስለ ድምፅ ጠባይ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ደብረ ማርቆስ የሚኖሩና ዜማና በገና ማዳመጥ የሚወዱ አንድ የኔታ ባለፈው ክረምት ደወሉልኝና «ልጄ ከውጭ ጥሩ ሄድፎን ልላክልዎ ብሎኛል፤ አንተ ስሙን ብቻ ንገረኝ» አሉኝ። ስም መንገሩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ ውድ ሄድፎን ሱቅ ገብቶ፣ ጆሮ ላይ አድርጎ፣ ካልተስማማም አስቀምጦ መውጣት እምብዛም የማይቻል ስለሆነ፣ ዕቃው የሚመጣው በተጓዥ ሻንጣ ነው፤ አንዴ ከመጣም ተመላሽ የለውም። ስለዚህ የእኛ አገር ገዢ ከሌላው ይበልጥ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባው የሄድፎኑን የድምፅ ጠባይ ነው። የድምፅ ጠባይ የምለው ሄድፎኑ ወፍራሙን ድምፅ (ቤዙን)፣ የሰው ድምፅና አብዛኛው መሣሪያ የሚገኝበትን መካከለኛውን፣ እንዲሁም ቀጭኑን (ትሬብሉን) በምን ዓይነት ምጣኔ እንደሚያሰማ ነው። ቤዙ በመጠኑ ከፍ፣ ትሬብሉ ለስለስ ያለውን «ሞቅ ያለ»፣ ትሬብሉ የጎላውን «ብሩህ»፣ ሁለቱ ዳሮች ከፍ ብለው መሐሉ የጎደጎደውን ደግሞ «ቪ ቅርጽ» ይሉታል። ከየኔታ ጋር ስንነጋገርም ሆነ ከሌሎች ሰዎች ደጋግሜ የሰማኋቸውን የተሳሳቱ አመለካከቶች እንደሚከተለው አነሣለሁ።

«ዋጋው በጨመረ ቁጥር ድምፁም ይበልጣል»

ከመንገድ ዳር ኤርፎን ወደ መካከለኛ ዋጋ ሄድፎን የተሻገረ ሰው ልዩነቱ ወዲያው ስለሚሰማው፣ መሰላሉ በዚያው ልክ ወደ ላይ የሚቀጥል ይመስለዋል። ይሁንና ጄሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ጥናት የ283 ሄድፎኖችን ልኬት ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ፣ በድምፅ ምጣኔያቸውና በዋጋቸው መካከል ዝምድና አላገኘም። ይህ ማለት ውድ ሄድፎን ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ገንዘቡ የሚገዛው የግራና የቀኙን መመሳሰል፣ ድምፁ ከፍ ሲል አለመሻከሩን፣ ለሰዓታት ጭንቅላት ላይ ሲቆይ አለመክበዱን፣ የጆሮ ትራሱንና የገመዱን መለዋወጫ ማግኘትን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ከእሱ በብዙ እጥፍ ከሚወደዱ አዳዲሶች ጋር ዛሬም የሚወዳደረው በድምፅ ጠባዩ ነው። ድምፁ ለጆሮዎ የሚስማማ መሆን አለመሆኑን ግን ዋጋው ሊነግርዎ አይችልም። በነገራችን ላይ እኔ ራሴ በአንድ ወቅት «ኦሪጅናል ነው» ተብዬ የገዛሁት ሄድፎን ማሸጊያውና ማኅተሙ ሁሉ የተሟላ ሲሆን፣ ድምፁ ብቻ የሌላ ዕቃ ነበር፤ ያን ጊዜ የኦሪጅናሉን ጠባይ ስለማላውቅ ለሦስት ወር ያህል እያደነቅሁ አዳመጥሁት።

«ሚዛናዊ ድምፅ ማለት ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር የሆነለት ነው»

ግራፍ የሚሉት ሄድፎኑ ከቤዝ እስከ ትሬብል እያንዳንዱን ክፍል ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚያሰማ የሚያሳየውን የልኬት ሥዕል ነው። የዚህ አመለካከት ባለቤቶች ትንሽ ያነበቡ ሰዎች ስለሆኑ ስሕተቱ ለመታረም ያስቸግራል። በፊታችን ካለ ስፒከር ወይም ከአንድ ዘማሪ የሚመጣ ድምፅ ታምቡራችን ጋ ከመድረሱ በፊት በትከሻችን፣ በጆሮ ቅጠላችንና ወደ 2.5 ሳንቲሜትር በሚረዝመው የጆሮ ቦይ ይለወጣል፤ በተለይ 3,000 ሄርዝ አካባቢ ያለው ክፍል በእጅጉ ይጎላል (ሄርዝ የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ድምፁ ወፍራም፣ ሲበዛ ቀጭን ነው)። አእምሯችን «ተፈጥሯዊ» ብሎ የለመደው ይህን የጎላ ድምፅ ነው። ሄድፎን ጆሮ ላይ ተለጥፎ ይህን መንገድ ስለሚያሳጥረው፣ የጎደለውን ራሱ መሙላት አለበት። በታምቡር ደረጃ ሲለካ ቀጥ ያለ መስመር የሚያሳይ ሄድፎን ቢሠራ፣ ዘማሪው ከጋን ውስጥ ሆኖ የሚያዜም ይመስላል።

ታዲያ ትክክለኛው መስመር የትኛው ነው? የድምፅ መሣሪያ አምራቹ የሃርማን ኩባንያ ተመራማሪዎች በሾን ኦሊቭ መሪነት እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ብዙ አድማጮችን በመፈተን፣ ዛሬ «የሃርማን ከርቭ» የሚባለውን መስመር አወጡ። መስመሩ ቤዙ ከፍ፣ 3,000 ሄርዝ አካባቢ ጉብ፣ ከዚያ በላይ ቀስ እያለ የሚወርድ ነው። ለእኔ ከመስመሩ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የአድማጮቹ ክፍፍል ነው፦ 64 በመቶ ያህሉ ይህንኑ ሲመርጡ፣ 15 በመቶ ያህሉ ከዚህ የበለጠ ቤዝ፣ 21 በመቶ ያህሉ ደግሞ ያነሰ ቤዝ ፈለጉ። ከሦስት ሰው አንዱ ከብዙኃኑ ምርጫ የሚወጣ ከሆነ፣ «ይህ ሄድፎን ለሁሉም ይሆናል» የሚለው ምክር ለዚያ ሦስተኛ ሰው የባከነ ገንዘብ ነው።

«ትልቅ ድራይቨር ያለው ሄድፎን ቤዙ ይበዛል»

ድራይቨር በእያንዳንዱ ወገን እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሴንሃይዘር ኤችዲ 800 ድራይቨሩ 56 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ቤዙ ቁጥብ ነው ተብሎ ይተቻል፤ በአንጻሩ 10 ሚሊ ሜትር ድራይቨር ያለው ጆሮ ውስጥ የሚገባ ኤርፎን ቦዩን በደንብ ከዘጋ ደረት የሚመታ ቤዝ ያወጣል። በተለይ ጀርባው ዝግ በሆነ፣ ማለትም የውጭ ክዳኑ በተደፈነ ሄድፎን ላይ ዋናው ጉዳይ የጆሮ ትራሱ ዙሪያውን አየር ሳያስገባ መግጠሙ ነው።

ይህን ከየኔታ ጋር በዓይናችን አየነው፣ በጆሯችንም ሰማነው ማለት እችላለሁ። የእኔን ጀርባ ዝግ ሄድፎን ይዤ ደብረ ማርቆስ ሄጄ የበገና ቅጂ ከፈትሁላቸው። ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «በገናው ክራር ሆነብኝ» አሉ። ቀረብ ብዬ ሳይ የጥምጥማቸው ጠርዝ በግራው ትራስ ሥር ገብቶ፣ ትራሱን ከጆሯቸው ጀርባ በኩል ጣት በማያስገባ ክፍተት አንሥቶታል። ጥምጥሙን በአንድ ጣት ወደ ላይ ስገፋው ፊታቸው ተለወጠ፤ ወፍራሞቹ አውታሮች ተመልሰው መጡ። ስለቀው እንደገና ጠፉ። ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገምነው፤ የኔታም እንደ ልጅ ሣቁ። የመነጽር እጀታ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ሻሽም እንዲሁ ያደርጋሉ። አንድ ሰው «ቤዝ የለውም» ብሎ ያጣጣለውን ሄድፎን ሌላው «ቤዙ ይበዛል» ቢለው፣ ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል።

የቤዝ ነገር ከተነሣ ሌላም መታወቅ ያለበት አለ። ወፍራም ድምፅ ከበላዩ ያለውን የመሸፈን ባሕርይ አለው፤ ቤዙ ከመጠን ካለፈ ከበሮው የዘማሪውን ድምፅ ይውጠዋል። የወንድ ድምፅ መነሻው በግምት ከ85 እስከ 180 ሄርዝ ስለሆነ፣ ያበጠ ቤዝ በቀጥታ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው። የወንዶች ማኅሌት የሚያዳምጥ ሰው ቤዙ ከ100 ሄርዝ በታች ብቻ ከፍ ብሎ ከዚያ በላይ የሚረጋ ሄድፎን ቢፈልግ ይሻለዋል።

«የረቀቀ ነገር የሚያሰማ ሄድፎን ትሬብሉ የጎላው ነው»

ብሩህ ሄድፎን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ማንንም ያስደንቃል፤ የጸናጽሉ ብልጭታ፣ የዘማሪው ትንፋሽ፣ የመቋሚያው ኳኳታ ሁሉ ይወጣል። ከሁለት ሰዓት በኋላ ግን ያው ጉልበት ያደክማል። ግእዝ «ጸ» እና «ሰ» የበዙበት ቋንቋ ስለሆነ፣ ከ5,000 እስከ 8,000 ሄርዝ አካባቢ ሹል ከፍታ ያለው ሄድፎን እያንዳንዷን ፊደል መርፌ ያደርጋታል። ኤችዲ 800 ራሱ 6,000 ሄርዝ አካባቢ ባለው ከፍታ የታወቀ ነው፤ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 990ም በብሩህነቱ ይታወቃል። እነዚህ መጥፎ ዕቃዎች አይደሉም፤ ስቱዲዮ ውስጥ ስሕተት ለሚያድን ሰው ያ ብሩህነት መሣሪያ ነው።

እኛ ግን ምንድን ነው የምናዳምጠው? አብዛኛው የድሮ ዜማና ዘፈን የደረሰን በካሴት፣ ያውም ከካሴት ወደ ካሴት ተገልብጦ ነው። ካሴት የላይኛውን ድምፅ ሲቆርጥ በምትኩ የማያቋርጥ «ሽሽሽ» ይተዋል፤ ትሬብል የሚያጎላ ሄድፎን የሚያመጣው የተቆረጠውን ድምፅ ሳይሆን ሽሽታውን ነው። በገና ለዚህ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዐሥሩ አውታሮች መነሻ ድምፃቸው ወፍራም ቢሆንም፣ በአውታሩና በድልድዩ መካከል የሚገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ የሚፈጥረው ንዝረት እስከ ቀጭኑ ክፍል ይዘልቃል። ትሬብሉ የታፈነ ሄድፎን ላይ ንዝረቱ ጠፍቶ ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል፤ የተጋነነው ላይ ደግሞ ንቦች ይመስላል። እንዚራው ከአውታሩ ጋር አንድ ድምፅ ሆኖ ከተሰማ ሄድፎኑ ለእርስዎ ተስማሚ ሊሆን ይችላል።

«ኦሙ የበዛ ሄድፎን የተሻለ ነው፤ በስልክም አይሠራም»

ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ እንጂ የጥራት ደረጃ አይደለም። ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦም ተሠርቶ የሚሸጥ አንድ ሞዴል ነው። ሄድፎኑ ምን ያህል ኃይል እንደሚፈልግ ለማወቅ ከኦሙ ጋር የስሜት መጠኑን፣ ማለትም በ1 ሚሊዋት ምን ያህል ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) እንደሚያሰማ ማየት ያስፈልጋል። ኤችዲ 600 ኦሙ 300፣ የስሜት መጠኑ 97 ዴሲቤል ነው፤ ሃይፋይማን ሱስቫራ ደግሞ ኦሙ 60 ብቻ ሲሆን የስሜት መጠኑ 83 ነው። የ14 ዴሲቤል ልዩነት ማለት ለተመሳሳይ ከፍታ ወደ 25 እጥፍ ኃይል መፈለግ ስለሆነ፣ አስቸጋሪው ባለ 60 ኦሙ ነው። ባለ 300 ኦሙን ግን በስልክ ላይ የሚሰካ፣ ጣት የምታህል ጥሩ አምፕሊፋየር ጸጥ ባለ ቤት ውስጥ ይበቃዋል።

«ክፍት ጀርባ የሊቃውንት፣ ዝግ ጀርባ የተራ ሰው ነው»

ይህ የቦታ ጉዳይ ነው። ክፍቱ ድምፁ ሰፋ ያለና አየር ያለው ሆኖ ይሰማል፤ ነገር ግን የውጭውን ያስገባል፣ የውስጡንም ያስወጣል። ባሕር ዳር ባጃጅ በሚያልፍበት መንገድ ዳር ለሚኖር ሰው ክፍት ሄድፎን ገንዘብ መጣል ነው። በሌላ በኩል በሚያዝያ ሙቀት ዝግ የቆዳ ትራስ ጆሮን ያልባል፤ ደብረ ማርቆስ ብርድ ላይ ያው ትራስ ይወደዳል።

«አዲስ ሄድፎን መቶ ሰዓት ካልተሟሸ ድምፁ አይወጣም»

ምጣድ ይሟሻል፤ ሄድፎን ላይ በማሟሸት የሚለካው ለውጥ ግን እጅግ ጥቂት ነው። በሳምንቱ ውስጥ የሚለወጠው የአድማጩ አእምሮ ነው፤ አዲሱን ጠባይ ይለምደዋል። ትራሱ ሲጠፈጠፍ ግን ድምፁ በእርግጥ ይለወጣል፤ መለዋወጫ ትራስ አብሮ ማስላክ የሚገባውም ለዚህ ነው።

«ኢኳላይዘር ለመጥፎ ሄድፎን ማስታመሚያ ነው»

ሁሉን ትቼ ከእነዚህ አንዱን ብቻ አርም ቢባል የማርመው ይህን ነው፤ ሰው ሳይገዛ ምርጫውን የሚያውቅበት በእጁ ያለው መሣሪያ ኢኳላይዘር፣ ማለትም ቤዙን፣ መካከለኛውንና ትሬብሉን ለየብቻ ከፍና ዝቅ ማድረጊያው፣ ነውና። አሁን ያለዎትን ደህና ኤርፎን ይውሰዱ፤ በቃል የሚያውቋቸውን አራት ቅጂዎች ይምረጡ፤ በስልክዎ ኢኳላይዘር ከ100 ሄርዝ በታች ያለውን 3 ዴሲቤል ከፍ አድርገው ሁለት ቀን ያዳምጡ፤ ከዚያ ወደ ቦታው መልሰው 6,000 ሄርዝ አካባቢ ያለውን 3 ዝቅ ያድርጉ፤ ሌላ ሁለት ቀን። የናፈቁት የትኛውን ነው? አንዱን ክፍል ከፍ ሲያደርጉ አጠቃላይ ድምፁም ስለሚጨምር፣ ሲያወዳድሩ ቮሊዩሙን ማስተካከል ግድ ነው፤ ጆሯችን ከፍ ያለውን ሁሉ «የተሻለ» ይለዋልና።

ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጣው ቤዙን ነው። የኔታ ቀን ስንፈትን «ቤዝ አልወድም» ሲሉ ቆይተው፣ ማታ ተማሪዎቻቸው ከተኙ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርገው ሲያዳምጡ ራሳቸው ቤዙን 2 ዴሲቤል ጨመሩ። የሚያዳምጡት ማታ ብቻ ስለሆነ የማታውን ምርጫ ያዝን። ጓሯቸው ጸጥ ያለ፣ የሚወዱት የወንድ ድምፅ፣ የሚጠሉት ሹል ትሬብል ስለሆነ፣ ለልጃቸው የጻፍሁት ጀርባው ክፍት፣ ድምፁም ሞቅ ያለ የሆነውን ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 ከአንድ ትንሽ አምፕሊፋየርና ከአንድ ጥንድ ትርፍ ትራስ ጋር እንዲልክ ነው። ጥምጥሙን በተመለከተ ደግሞ የኔታ «ማታ ማታ አወልቀዋለሁ፤ እሱን አትጻፍለት» አሉኝ።