ኢጂኤፍአር ምንድን ነው? ልቡ የደከመ ሰው ኩላሊቱን ለምን ይመረመራል?

ጎንደር ላይ የልብ ድካም ክትትል ያለው ሰው ለቀጠሮ ሲሄድ በልብ አልትራሳውንድና በኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ በሚመዘግበው ምርመራ) ብቻ አይመለስም። ደምም ይሰጣል፤ ከላቦራቶሪ በሚመጣው ወረቀት ላይ «ክሬቲኒን 1.1» የሚል ነገር ተጽፎ ይገኛል። «የታመመው ልቧ ነው፤ ኩላሊቷን ምን አመጣው?» ብሎ የሚጠይቅ አስታማሚ አይፈረድበትም። ሐኪሙ ግን የታማሚዋን ነገ ለመገመት ከሚያያቸው ቁጥሮች ይህን የሚያህል ጥቂት ነው። ከ1 ሚሊዮን በላይ የልብ ድካም ታማሚዎችን መረጃ አጣምሮ በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ ትንተና፣ ከ3 ታማሚዎች 1 ያህሉ ሥር የሰደደ የኩላሊት መድከም እንዳለበት አሳይቷል። የእነዚህ ሰዎች የመሞት ዕድል ኩላሊቱ ደህና ከሆነው የልብ ታማሚ በእጥፍ ገደማ ከፍ ያለ ነው።

ክሬቲኒን ከጡንቻ የሚወጣ ቆሻሻ ነው። ኩላሊት ያጣራዋል፤ ማጣራቱ ሲቀንስ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ቁጥሩ ብቻውን ሲታይ ግን ያታልላል። 1.1 ሚሊግራም በዴሲሊትር በ25 ዓመት ወጣት ወንድ ላይ ሲገኝ ኩላሊቱ በደቂቃ ወደ 95 ሚሊሊትር እያጣራ ነው፤ ጤነኛ ነው። ያው 1.1 በ70 ዓመት እናት ላይ ሲገኝ ማጣራቱ 54 ላይ ወርዷል ማለት ነው። ከክሬቲኒን፣ ከዕድሜና ከጾታ ተሰልቶ የሚወጣው ይህ የማጣራት መጠን ነው ኢጂኤፍአር የሚባለው። ላቦራቶሪው ክሬቲኒኑን ብቻ ጽፎ ቢሰጥ፣ በ2021 እ.ኤ.አ. በታደሰው ሲኬዲ-ኢፒአይ (CKD-EPI) በሚባለው ቀመር በስልክም ማስላት ይቻላል። ወረቀቱ በማይክሮሞል ከሆነ ቁጥሩን ለ88.4 ማካፈል ወደ ሚሊግራም ይመልሰዋል።

ኢጂኤፍአር ከ90 በላይ ሆኖ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ከሌለ ደህና ነው። ከ60 በታች ወርዶ 3 ወርና ከዚያ በላይ ከቆየ ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ይባላል፤ ከ30 በታች ሲሆን የመድኃኒት መጠን ሁሉ ይታሰብበታል፤ ከ15 በታች ስለ እጥበት የሚወራበት ደረጃ ነው። 3 ወር የሚለውን ልብ ይሏል። አንዴ ተቅማጥ ላይ እያለ ተመርምሮ 52 የመጣለት ሰው የኩላሊት ታማሚ ተብሎ አይመዘገብም። አንድ ወጥመድም አለ፤ ልቡ ለዓመታት ደክሞ ሥጋው ያለቀ፣ ክንዱ ጣት የሚያህል ሰው ጡንቻ ስለሌለው ክሬቲኒኑ ዝቅ ብሎ ይታያል። ወረቀቱ ላይ 0.8 ነው፣ ኩላሊቱ ግን ደክሟል። እንዲህ ባለ ሰው ላይ «ኖርማል» የሚለውን ቃል ፈጥኖ ማመን አይገባም።

ልብ ኩላሊትን የሚጎዳው እንዴት ነው? ሁለቱ ኩላሊቶች ልብ ከሚረጨው ደም አምስተኛውን ያህል፣ በደቂቃ ወደ 1 ሊትር ይቀበላሉ። ልብ ሲደክም ይህ ይቀንሳል፤ ይህን ሁሉም ሰው ይገምተዋል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ሌላኛው መንገድ ነው፤ የደም መመለሻው መታፈን። ደምቢያ ላይ በመስኖ የሚያለማ ገበሬ ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ ቦዩ ከላይ ውኃ ቢመጣለትም ከታች ከተደፈነ አይፈስም። ኩላሊትን የሚያሠራው በሚገባው ደምና በሚወጣው ደም መካከል ያለው የግፊት ልዩነት ነው። በጤነኛ ሰው ሲገባ 90፣ ሲወጣ 5 ቢሆን ልዩነቱ 85 ነው። ልቡ የደከመ ሰው ሲገባ 70፣ በደም ሥሩ መታፈን የተነሳ ሲወጣ 20 ቢሆን 50 ብቻ ይቀራል። እግሩ ያበጠ፣ የአንገት ሥሩ የተገተረ፣ ሆዱ ውኃ የቋጠረ ሰው ኩላሊቱም በዚያው ታፍኗል።

በእኛ አገር ይህ መታፈን የተለየ ክብደት አለው። እዚህ የልብ ድካም የሽማግሌ በሽታ ብቻ አይደለም፤ በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ጀምሮ የልብ በር ያበላሸው የሩማቲክ በሽታ በ20ዎቹና በ30ዎቹ ዕድሜ ያሉ ሰዎችን፣ በተለይ ሴቶችን ያደክማል። በግራ በኩል ያለው በር ሲጠብ ጫናው ወደ ሳንባ፣ ከሳንባ ወደ ቀኝ ልብ፣ ከዚያ ወደ ጉበትና ኩላሊት ይወርዳል። እንዲህ ያለችው ታማሚ ክሬቲኒኗ ቢጨምር «ደርቃለች፣ ውኃ ትጠጣ» ማለት ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ውኃው ሲወጣላት ነው ኩላሊቷ የሚተነፍሰው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው፤ ክሬቲኒን ጨመረ የሚለው ዜና ከምን ጋር እንደመጣ ሳይታወቅ ምንም አይነግርም። ታማሚው ላሲክስ በሚባለው የሽንት መድኃኒት ኪሎው እየቀነሰ፣ እብጠቱ እየጎደለ፣ ተጋድሞ መተኛት እየቻለ ክሬቲኒኑ ከ1.2 ወደ 1.5 ቢወጣ፣ መታፈኑ እስከለቀቀ ድረስ ብዙውን ጊዜ ክፉ ምልክት አይደለም። እብጠቱ እንዳለ ሆኖ፣ ሽንቱ እየቀነሰ፣ ግፊቱ እየወረደ ቁጥሩ ቢወጣ ግን ነገሩ ከባድ ነው፤ በሆስፒታል መታየት አለበት።

መድኃኒትም ቁጥሩን ያነሳዋል። ለልብ ድካምና ለደም ግፊት የሚታዘዙት ኤናላፕሪልና መሰሎቹ ከማጣሪያው የሚወጣውን ቀጭን ሥር ስለሚያሰፉ በማጣሪያው ውስጥ ያለው ግፊት ይቀንሳል፤ ክሬቲኒን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንሽ ይጨምራል። ለስኳር ተሠርተው አሁን ለልብ ድካምም የሚታዘዙት እነ ዳፓግሊፍሎዚንም ሲጀመሩ እንዲሁ ያደርጋሉ፤ ውሎ አድሮ ግን ኩላሊቱን ከመድከም የሚያዘገዩ እነርሱው ናቸው። ኤናላፕሪል ሲጀመርና መጠኑ በጨመረ ቁጥር በ1 እና በ2 ሳምንት መካከል ክሬቲኒንና ፖታሲየም (ሲበዛ የልብ ምትን የሚያውክ የደም ማዕድን) ይታያል። ክሬቲኒኑ ከመነሻው እስከ ግማሽ ያህል ቢጨምር፣ ለምሳሌ ከ1.0 ወደ 1.4፣ ፖታሲየሙም ከ5.5 ካላለፈ መድኃኒቱ በአብዛኛው ይቀጥላል። ክሬቲኒኑ ከእጥፍ በላይ ከሆነ ይቆማል። ሌላው የልብ ድካም መድኃኒት፣ ስፓይሮኖላክቶን ላይ ዋናው ሥጋት ፖታሲየም ነው፤ ከ5.5 ሲያልፍ መጠኑ በግማሽ ይቀነሳል፣ ከ6.0 ሲያልፍ ይቆማል። ይህን ሁሉ የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ ታማሚው ወይም ፋርማሲው «ኩላሊትህን እየጎዳው ነው» ብሎ በራሱ ሲያቆም ነው ብዙ ሰው ትንፋሽ አጥሮት በሌሊት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚመጣው።

ፖታሲየም 6.3 ተብሎ ሲመጣ ግን ከመደንገጥ በፊት ደሙ እንዴት እንደተወሰደ መጠየቅ ይጠቅማል። ክንድ ለረጅም ጊዜ ታስሮ፣ ጡጫ እየጨበጡ የተወሰደ ወይም ከገጠር ጤና ጣቢያ በመኪና ሲናጥ ውሎ የደረሰ ደም ሕዋሶቹ ይፈነዱና የውሸት ከፍታ ያሳያል። ኢሲጂ ይነሳል፣ ደሙም ወዲያው ይደገማል።

ላሲክስ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ወደ ኩላሊት ቱቦ ካልደረሰ አይሠራም፤ የደከመ ኩላሊት ደግሞ ጥቂቱን ብቻ ነው የሚያደርሰው። ስለዚህ 40 ሚሊግራም ውጦ ሽንቱ ያልጨመረለት ሰው 40ን በቀን ሁለቴ ከሚሰጠው 80ን በአንድ ጊዜ ቢያዝለት ይሻላል፤ ከተወሰነ ጣራ በታች የሆነ መጠን ስንት ጊዜ ቢደጋገም ያው ነው። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኩላሊቱ ሲደክም መድኃኒቱ ሰውነቱ ውስጥ ይከማቻል፤ ምግብ ማስጠላት፣ ማቅለሽለሽና ነገር ቢጫ ሆኖ መታየት ምልክቶቹ ናቸው።

ኩላሊትን በአንድ ሳምንት የሚጥለው ብዙ ጊዜ ከሆስፒታል ውጭ የሚሆነው ነው። ለወገብና ለጉልበት ሕመም የሚወጋ ዲክሎፌናክ ወይም ከሱቅ የሚገዛ አይቡፕሮፌን፣ ከኤናላፕሪልና ከላሲክስ ጋር ሲገናኝ ወደ ኩላሊት የሚገባውን ደም ያጠብበዋል፤ ውኃም ያስቋጥራል። ለሕመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ኮሶ ጠጥቶ ሆዱን የሚያጥብ ሰውም፣ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ በዚያ ሙቀት የሚውል ሰውም፣ ውኃና ጨው በአንድ ቀን ያጣል፤ የሽንት መድኃኒቱ ደግሞ ከላይ ይጨምርበታል። ተቅማጥ ወይም ትውከት ከመጣ፣ መጠጣትም ካልተቻለ፣ በዚያው ቀን ወደ ክትትል ቦታው ደውሎ ላሲክሱ፣ ኤናላፕሪሉና ስፓይሮኖላክቶኑ ለጊዜው ይቁም ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሲሻል ደግሞ መቼ እንደሚጀመር አብሮ መጠየቅ። በጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ላሲክሱን ለማታ ከማዛወሩ በፊት ከሐኪሙ ጋር ቢነጋገር ይሻላል፤ ስለ ጾሙ ደግሞ ከንስሐ አባቱ ጋር።

ጨው ላይ «እኔ ብዙም አልጨምርም» የሚል ብዙ ነው። በርበሬው ሲደለዝ ጨው ገብቶበታል፣ ሽሮውም ሲዘጋጅ ገብቶበታል፣ ወጡ ላይ ደግሞ እንደገና ይነሰነሳል። የቀኑ ሁሉ ጨው ከአንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም እንዳያልፍ ለቤቱ በርበሬና ሽሮ ያለ ጨው ማዘጋጀት አስተማማኝ መንገድ ነው።

ሚዛን ቤት ካለ ጠዋት ሽንት ቤት ተሂዶ፣ ምንም ሳይበላ፣ በቀላል ልብስ መመዘን ነው። ከሌለ መንገድ ዳር የሚመዝኑትን ልጆች መጠቀም ይቻላል፤ ያንኑ ሚዛን፣ በዚያው ሰዓት፣ ጋቢን አውልቆ፤ ጋቢ ብቻውን ከኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል። በ3 ቀን ከ2 ኪሎ በላይ መጨመር ውኃ እንጂ ሥጋ አይደለም። ያ ቁጥር፣ ያለፉት የክሬቲኒንና የፖታሲየም ወረቀቶች፣ ባዶም ቢሆን የመድኃኒቱ ማሸጊያ፣ በአንድ ፌስታል ተይዘው ለቀጠሮ ይሄዳሉ፤ ሐኪሙ 1.5ን የሚያነበው ባለፈው ወር 1.4 ነበር ወይስ 0.9 ከሚለው ጋር አስተያይቶ ነው።