ፓወር ስቲሪንግ ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

«መሪው ከበደኝ» ላለ ሁሉ «ፓወር አስገጥምበት» የሚል መካሪ በዝቷል። በተለይ ሎደር፣ ማለትም ከፊቱ አሸዋና አፈር የሚያነሳ ክንድና ባኬት፣ የተገጠመለት አሮጌ ትራክተር ከሆነ፣ ጎማው እንኳ ሳይታይ ፓወር ይታዘዝለታል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ «ፓወር ስቲሪንግ የፊት አክስሉን ክብደት ያቀልለታል» እያለ በሙሉ ልብ ሲያስረዳ ሰማሁ። አያቀልም! አንድ ግራም አያቀልም።

ፓወር ስቲሪንግ ሞተሩ የሚያዞረው ፖምፓ፣ ዘይት፣ መሪው ሲነካ ዘይቱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ የሚልክ ቫልቭ፣ እና ጎማውን እንዲያዞር ዘይቱ የሚገፋው ጃክ (ፒስተን ያለው ሲሊንደር) ነው። በቃ። የሚያግዘው ክንዳችሁን ነው። ከጃኩ በታች ያለው ሁሉ፣ የዘንጉ መገጣጠሚያ ቴስቲናው፣ የኪንግ ፒኑ (የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበት ምሶሶ) ክንድ፣ የምሶሶው ቀለበት ቦኮላው፣ ኩሽኔታው፣ ጎማው፣ ትናንት የተሸከመውን ዛሬም ይሸከማል። እንዲያውም ይብስበታል። 50 ሚሊሜትር ዲያሜትር ያለው ፒስተን በ100 ባር ግፊት ወደ 2 ቶን ይገፋል። መሪውን ከጎማው የሚያገናኘው አሮጌ ዘንግ ግን በሰው ክንድ ብቻ ሲታዘዝ የኖረ ነው። ፓወር ከተገጠመ በኋላ ዘንግ ጎበጠ፣ ቴስቲና ወለቀ የሚባለው ወሬ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ታዲያ መሪው ለምን ከበደ? ሂሳቡን እንሥራው። በሁለቱ አክስሎች መካከል 2 ሜትር ያለው ትራክተር እንውሰድ። ባኬቱ ውስጥ 500 ኪሎ እርጥብ አሸዋ አለ። ብዙ አይምሰላችሁ፤ ሲሶ ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም። የባኬቱ መሃል ከፊት አክስል 1.5 ሜትር ወደ ፊት ወጥቷል እንበል። ፊት ላይ የሚጨመረው 500 ኪሎ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። 875 ኪሎ ነው። ትርፉ 375 ኪሎ ከኋላ አክስል ላይ ተነስቶ የመጣ ነው። ማለትም ፊቱ ሲከብድ ኋላው ቀሏል። የኋላ ጎማ ያለ ምክንያት አይንሸራተትም፣ ፍሬንም ያለ ምክንያት አይሰንፍም። የሎደሩ የራሱ ብረት ደግሞ ባኬቱ ባዶ ሲሆንም እዚያው ፊት ላይ ነው።

የአዳማ ጋሪ ነጂ ይህን ሂሳብ ሳይጽፍ ያውቀዋል። ጭነቱ ወደ ፊት ካደላ የፈረሱ ጀርባ ይጫናል። ነጂው ዞር ብሎ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ» ይላል። እንደ መካሪያችን ከሆነ ግን ጭነቱን እዚያው ትቶ ሁለተኛ ፈረስ መጨመር ነበረበት። እሺ፣ ይጨምር። ጋሪው ይሄዳል፤ ማን ይከራከራል? የመጀመሪያው ፈረስ ጀርባ ግን እንደተጫነ ነው። ሲያነክስ ደግሞ ማንም አያይለትም፣ ጓደኛው ይጎትተዋላ። በተበላ ኪንግ ፒን ላይ ፓወር ሲገጠም የሚሆነው ይኸው ነው። የመሪው መክበድ ይነግራችሁ የነበረውን ችግር ዝም ታሰኙታላችሁ። (ምሳሌው እስከ ዳር እንደማይሄድ አውቃለሁ። ጋሪ ባለ አንድ አክስል ነው፣ ትራክተር ባለ ሁለት። ፈረስ ሲደክመውም ይቆማል። ፖምፓ ግን አይራራም።)

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት አንድ ሙከራ አለ። ባኬቱን አውርዱ፣ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግዱ፣ የፊት አክስሉን በክሪክ አንሡና ከሥሩ ጠንካራ እንጨት አስገቡ። በክሪክ ብቻ በቆመ ትራክተር ሥር እጅ አይገባም። ከዚያ መሪውን አዙሩ። ጎማው አየር ላይ ሆኖም ከከበደ ጣጣው ሜካኒካል ነው፤ የደረቀ ኪንግ ፒን፣ የተሰበረ ኩሽኔታ፣ ዘይት የጨረሰ ስቲሪንግ ቦክስ። በጣት የሚዞር ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ መሪው ጤነኛ ነው። ችግሩ ሸክሙ ወይም የጎማው አየር ላይ ነው።

ክሪኩን ሳታወርዱ ኪንግ ፒኑን ግራሶ (ወፍራም ቅባት) ስጡት። ይህን ብዙ ሰው ይሳሳተዋል። ትራክተሩ በእግሩ ቆሞ ግራሶ ሲሰጠው፣ ክብደቱን የሚሸከመው የኪንግ ፒኑ ገጽ ከመቀመጫው ጋር ተጣብቋል። ግራሶው ክፍት ባገኘበት በኩል ሾልኮ ይወጣል እንጂ መግባት ያለበት ቦታ አይገባም። አክስሉ ተነስቶ፣ መሪው ግራና ቀኝ እየዞረ፣ አሮጌው ጥቁር ግራሶ ወጥቶ አዲሱ እስኪታይ ነው የሚሰጠው። የአዳማ ነፋስና አቧራ ባለበት ደግሞ ይህ የዓመት ሥራ አይደለም። ሎደር ላይ የሚውል ትራክተር በየጠዋቱ ቢቀባም አልበዛበትም።

የጎማ አየር ጉዳይ ግልጽ ስለሆነ አልፈዋለሁ። የጎደለ ጎማ መሬቱን አቅፎ ይይዛል፣ በቃ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ግን አትለፉ። ጎሚስታው «ትንሽ ልጨምርበት» ቢላችሁም።

አሁን ወደ ጭነቱ። መድኃኒቱ ከኋላ ክብደት መስቀል ነው። እዚህም ሁለት ነገር ይደባለቃል። ከኋላ አክስል 1 ሜትር ወደ ኋላ፣ ማረሻ በሚታሰርባቸው በሦስቱ የማንሻ ክንዶች ላይ፣ 400 ኪሎ ብትሰቅሉ በዚያው ትራክተር ፊት ላይ 200 ኪሎ ይቀንሳል። በርሜል ውስጥ የተሞላ ኮንክሪት ይበቃል። የኋላ ጎማ ውስጥ ውሃ መሙላት ግን ሌላ ነው። ውሃው የሚቀመጠው አክስሉ ላይ ነው፤ ኋላውን ይይዝላችኋል፣ መንሸራተቱን ይቀንሳል፣ ፊቱን ግን አያቀልም። «ውሃ ሞላሁ፣ መሪው አልቀለለም» ብሎ የሚገረም ሰው መገረም የለበትም። ውሃ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። አዳማ ላይ በብርድ አይረጋም። ከመነዳሪ (የውስጥ ጎማ) የሌለው ጎማ ከሆነ ግን ቸርኬውን ያዝገዋል።

አነዳዱም አለ። ቆሞ መሪ መጠምዘዝ ይቅር፤ ጎማው ትንሽ እየተንከባለለ ይዙር። የተጫነ ባኬት ዝቅ ብሎ ይሂድ። ዝቅ ማለቱ መሪውን አያቀልም። መገልበጥን ነው የሚከላከለው። ሳልጠየቅ የተናገርኩት ስለሚያስፈራኝ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ቀኑን ሙሉ ገረጋንቲ የሚጭን ሰው ትከሻው ካለቀ፣ ፓወር ይገጠም። እኔ የፓወር ጠላት አይደለሁም። ግን የትኛው? አንደኛው ዓይነት የድሮውን ስቲሪንግ ቦክስ ሳይነካ ዘንጉ ላይ በጃክ የሚያግዝ ነው። ሞተር ቢጠፋ ወይም ቱቦ ቢፈነዳ መሪው ይከብዳል እንጂ ጎማው ይታዘዛል። ሁለተኛው ኦርቢትሮል የሚባለው ነው። በመሪውና በጎማው መካከል ብረት የለም፣ ዘይት ብቻ ነው። ሞተር ቢጠፋ በእጅ እየገፋችሁ ታዞሩታላችሁ፤ ወደ ጃኩ የሚሄደው ቱቦ ከተቀደደ ግን መሪው በባዶ ይሽከረከራል። ማሳ ውስጥ ይህ ድንጋጤ ነው። ተሳቢ ጎትቶ በወንጂ መንገድ ለሚሄድ ሰው ግን ሌላ ነገር ነው። በየሱቁ ያገኛችሁትን የውሃ ቱቦ በክላምፕ አስራችሁ ዘይት እንዳታስኬዱበት።

ቤላሩስ ትራክተር ያላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። እዚሁ አዳማ ሲገጣጠም የኖረው ትራክተር ነው። ኤምቲዜድ 80 የሚባለው የቤላሩስ ሞዴል ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የራሱ ፖምፓ ያለው ፓወር አለው። «ፓወር ግጠምለት» ያላችሁ ሰው ያለውን ፓወር አላየውም ማለት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ይሆናል፣ ፖምፓው ደክሞ ይሆናል፣ የግፊት ቫልቩ ላልቶ ይሆናል። መጀመሪያ ግፊቱ በጌጅ ይለካ።

ማሴይ ፈርጉሰን 135 ፓወር ያለውም የሌለውም አለ። ለሌለው ሲገጠም የምሰማው ክፉ ምክር «ዘይቱን ከማንሻው ሃይድሮሊክ ጥለፈው» የሚል ነው። የዚያ ትራክተር የማንሻ ፖምፓ የሚዞረው በፒቲኦ ዘንግ፣ ከኋላ የሚታሰር መሣሪያን በሚያዞረው ዘንግ፣ ነው። ፍሪሲዮኑ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ፖምፓው ይቆማል። ማለትም ቁልቁለት ላይ ማርሽ ልትቀይሩ እስከ መጨረሻው ከረገጣችሁት እገዛው አብሮ ይሄዳል። ከሎደሩ ፖምፓ መጥለፍም ያው ነው፤ ለመሪው ቅድሚያ የሚሰጥ ቫልቭ ከሌለ፣ ባኬቱ ሲነሳ መሪው ይደርቃል። ለመሪ የራሱ ፖምፓ፣ በሞተሩ ቺንጋ የሚዞር፣ ይሻላል። በያጁም የኪንግ ፒኑን ክንድ በብየዳ እንዳይነካው ንገሩት። የጃኩ መያዣ በቡለን ይታሰር። መሪው ዳር ሲደርስም ጥቂት መልሱት፤ እዚያ ይዛችሁት ከቆያችሁ ፖምፓው ያለቅሳል፣ ዘይቱም ይፈላል።