የታሸገ የሕፃናት ዱቄት ወተት ከጀርም የጸዳ ነው?

«ታሽጎ የመጣ ጣሳ ውስጥ ምን ጀርም ይገባል?» የሚለው ጥያቄ የተለመደ ነው። ፈሳሽ ሆኖ ታሽጎ የሚሸጠው የሕፃናት ወተት ከጀርም የጸዳ ነው፤ ዱቄቱ ግን አይደለም። ክሮኖባክተር ሳካዛኪ የሚባለው ባክቴሪያ ድርቀትን ስለሚቋቋም ዱቄት ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ሳልሞኔላም አልፎ አልፎ ይገኛል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ፣ ሚሺጋን ውስጥ በሚገኝ ትልቅ ፋብሪካ ክሮኖባክተር ተገኝቶ ምርቱ ከገበያ ተሰብስቧል፤ ፋብሪካውም ለወራት ሥራ አቁሟል።

«ውሃውን አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ ነው የምበጠብጠው።» ዋናው ስሕተት እዚህ ጋ ነው፤ የሚሳሳቱትም ጠንቃቆቹ ወላጆች ናቸው። ማፍላቱ ውሃውን ያጸዳል። ዱቄቱ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ ግን ለብ ያለ ውሃ ሲያገኝ በመሞት ፈንታ ይባዛል። የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ቢያንስ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ውሃ እንዲበጠበጥ የሚመክረው ለዚህ ነው፤ ሙቀቱ የተፈለገው ለዱቄቱ ነው። የፈላውን ውሃ ከ30 ደቂቃ በላይ አታቆዩት። በጥብጣችሁ ስትጨርሱ ጡጦውን ክደኑና የቧንቧ ውሃ እያፈሰሳችሁበት አቀዝቅዙት፤ ከዚያ የእጃችሁ አንጓ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ለብ ማለት አለበት እንጂ ማቃጠል የለበትም። ጣሳው ላይ ዝቅ ያለ ሙቀት ተጽፎ ካገኛችሁ፣ በተለይ ልጁ ያለ ቀኑ የተወለደ ከሆነ፣ ሐኪሙን ጠይቁ።

«ቢበላሽ ይሸት ነበር።» አይሸትም፣ መልኩም አይለወጥም።

«የተረፈውን ሲነቃ ይጠጣዋል።» ምራቅ የነካው ወተት ይደፋል። ያልተነካውም ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይም። ወዲያው ቀዝቅዞ 5 ዲግሪ ወይም ከዚያ በታች በሆነ ፍሪጅ ከገባ እስከ 24 ሰዓት ይቆያል። ማንኪያው ደግሞ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ማንኪያ ጣሳው ውስጥ መክተት የብዙዎቻችን ልማድ ነው።

«ቢብስ ተቅማጥ ነው።» ክሮኖባክተር የሚያመጣው ሕመም ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ሲያጋጥም ግን ከሁለት ወር በታች ያለን ሕፃን፣ ያለ ቀኑ የተወለደን ወይም በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመን ልጅ ለደም መመረዝና ለማጅራት ገትር ይዳርጋል፤ ሊገድልም ይችላል። ሕፃኑ ካተኮሰው፣ አልጠባ ካለ፣ ከወትሮው በላይ ካለቀሰ ወይም ከደነዘዘ ነገ እስኪሻለው አትጠብቁ፤ ወዲያው ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሲጠጣ የነበረው ዱቄት ከነጣሳው ይቀመጥ፤ ለምርመራ ሊፈለግ ይችላል።