አፈ ጉባኤ የማን አፍ ነው? ስለ ምክር ቤት ሰብሳቢዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ሰው ሻይ ቤት ይሰበሰባል። ቴሌቪዥኑ የክልሉን ምክር ቤት ጉባኤ እያሳየ ከሆነ ደግሞ ክርክሩ ወዲያው ይነሳል። በቀደም አንድ ትልቅ ሰው፣ ጎረቤቴ ናቸው፣ ከፍ ካለው ወንበር ላይ የእንጨት መዶሻ ይዘው የተቀመጡትን ሴት እያዩ «ሕጉን የሚያወጡት እንግዲህ እኚህ ናቸው» አሉ። ከጎናቸው የነበረው ልጅ «አይ ጋሼ፣ እሳቸው የርዕሰ መስተዳድሩ ምክትል ናቸው» አለ። ሌላው «እኚህማ የዞናችን አፈ ጉባኤ አለቃ ናቸው» ብሎ ጨመረ። ሦስቱም ተሳስተዋል። አልፈርድባቸውም፣ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳቸውም። ስለዚህ ደጋግሜ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሳቸው።

«አፈ ጉባኤ ማለት ከሁሉም በላይ የሚናገር ሰው ነው»

ስሙ ያሳስታል። «አፈ» የግዕዝ ነው፣ የጉባኤው አፍ ማለት ነው። ግን አፉ የግለሰቡ አይደለም፣ የጉባኤው ነው። አፈ ጉባኤ አጀንዳ ያስይዛል፣ ተራ ይሰጣል፣ «ሥነ ሥርዓት!» ሲባል ይዳኛል፣ ድጋፍ፣ ተቃውሞ፣ ድምፀ ተአቅቦ ብሎ ያስቆጥርና ውጤቱን ይናገራል። ክርክሩ የአባላቱ ነው። የሰፈራችን ዕድር ዳኛ ስብሰባ ሲመራ እንዴት እንደሆነ አስቡት። ጥሩ ዳኛ የሚባለው ብዙ የሚያወራው ሳይሆን ሁሉም ተናግሮ እንዲወጣ የሚያደርገው ነው።

እኛ ሸዋዎች በዚህ ቃል ላይ የምንደናገርበት አንድ ምክንያት ያለ ይመስለኛል። አያቶቻችን «አፈ ንጉሥ» የሚለውን ማዕረግ ያውቁታል። አፈ ንጉሥ የንጉሡ አፍ ነበር፣ በንጉሡ ስም ፍርድ የሚሰጥ ትልቅ ዳኛ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትር ያደረጓቸው አፈ ንጉሥ ነሲቡን ነው። እንግዲህ ሁለቱን ቃላት ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አንዱ የላይኛውን ቃል ወደ ሕዝብ ያወርዳል። ሌላኛው ደግሞ ሕዝብ የመረጣቸው ሰዎች የተናገሩትን ወደ መንግሥት ያደርሳል። ሁለቱም አፍ ናቸው፣ ግን ፊታቸውን ያዞሩት ወደተለያየ አቅጣጫ ነው። አፈ ጉባኤን እንደ አፈ ንጉሥ የሚያይ ሰው ነገሩን ከሥሩ ነው የሚገለብጠው፣ ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶችም አብዛኞቹ ከዚሁ የሚመነጩ ናቸው።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክም አይደለም። እንግሊዞችም ሰብሳቢያቸውን «ተናጋሪ» ነው የሚሉት፣ ምክንያቱም ጥንት ሥራው የምክር ቤቱን ቃል ለንጉሡ ማድረስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1642 ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ አምስት የምክር ቤት አባላትን ሊያስር ወታደር አስከትሎ ገባ። ሰዎቹ የት እንዳሉ ሲጠይቅ አፈ ጉባኤው ዊሊያም ሌንታል ተንበርክኮ የመለሰለት፣ ይህ ምክር ቤት ካላዘዘኝ በስተቀር እዚህ ቦታ ላይ የሚያይ ዓይንም የሚናገር ምላስም የለኝም ብሎ ነው። እኔ ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የሥራው ልክ ይህ ነው።

«አፈ ጉባኤ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ሹመት ነው»

አልነበረም። ለአገራችን የመጀመሪያው ፓርላማ የመጣው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ የሚባሉ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት። ያኔ ሕዝብ አልመረጠም። የመወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ይሾሙ ነበር፣ የመምሪያውን ደግሞ መኳንንቱና የአካባቢ ሹማምንት ይመርጡ ነበር። ሕዝቡ በቀጥታ ድምፅ የሰጠው ከ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በኋላ፣ በ1950 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ነው። ሰብሳቢዎቹም የሚጠሩት አፈ ጉባኤ ተብለው ሳይሆን ፕሬዚዳንት ተብለው ነበር። የመወሰኛው ፕሬዚዳንት የንጉሠ ነገሥቱ ተሿሚ ነበር። ለብዙ ዓመት በዚያ ወንበር የተቀመጡት ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ ሲሆኑ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ከረሸናቸው ሰዎች አንዱ ሆኑ።

ቀጥሎ የመጣው ደርግ ነው። ለዓመታት ፓርላማ የሚባል ነገር አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ ተቋቋመ፣ ዕድሜው ግን አራት ዓመት እንኳን አልሞላም። ከ1983 በኋላ በሽግግሩ ዘመን ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤቱ ሊቀመንበር የአገሪቱ ርዕሰ ብሔርም ነበር፣ ማለትም አቶ መለስ ዜናዊ ሁለቱንም ይዘው ነበር። የሚጠይቀውም የሚጠየቀውም አንድ ሰው ሲሆን ምን እንደሚመስል አስቡት። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የራሱን አፈ ጉባኤ መርጦ ሥራ የጀመረው በነሐሴ 1987 ነው፣ የመጀመሪያውም አቶ ዳዊት ዮሐንስ ነበሩ። ከዚያ ተሾመ ቶጋ፣ አባዱላ ገመዳ፣ ሙፈሪያት ካሚል፣ አሁን ደግሞ ታገሰ ጫፎ። ሰው ግን አፈ ጉባኤን እንደ ጥንታዊ ማዕረግ ያየዋል፣ ምናልባት ቃሉ ግዕዝ ስለሆነ ይሆናል።

«የዞናችን አፈ ጉባኤ»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም በእኛ አካባቢ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። የሰሜን ሸዋ ዞን ምክር ቤት የለውም። በአማራ ክልል ምክር ቤት ያላቸው ዞኖች እንደ አዊና ዋግ ኽምራ ያሉት የብሔረሰብ አስተዳደሮች ናቸው። የእኛ ዞን ግን የክልሉ አስተዳደር ወደ ታች የሚወርድበት እርከን ነው። የዞኑ አስተዳዳሪ ከላይ ይመደባል እንጂ በዞን ደረጃ የመረጠው ጉባኤ የለም፣ ስለዚህ አፈ ጉባኤም የለም። ምክር ቤት ያለው ወረዳው ነው፣ ከታችም ቀበሌው። እንደ ደብረ ብርሃን ያለ ከተማም የራሱ ምክር ቤትና የራሱ አፈ ጉባኤ አለው። ስለዚህ አንድ የመሐል ሜዳ ወይም የአረርቲ ሰው አቤቱታውን ይዞ ወደ ምክር ቤት ልሂድ ካለ፣ መጀመሪያ ያለው ወረዳው ነው፣ ቀጥሎ ያለው ባሕር ዳር ነው። መሐል ላይ ሌላ የተመረጠ ጉባኤ የለም። ባሕር ዳር ደግሞ ቅርብ አይደለም፣ አብዛኛው ሰው አዲስ አበባ ወርዶ ነው ዓባይን ተሻግሮ የሚሄደው። ይህ ክፍተት እኔን ያሳስበኛል።

ሌላም ነገር አለ። ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን ሁለት ነው። አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልሉ ነው፣ ሌላው ዋና ከተማው ፊቼ የሆነው የኦሮሚያው ነው። ከእኛ የሚመረጡት የሚሄዱት 294 መቀመጫ ወዳለው የአማራ ክልል ምክር ቤት ነው። ከፊቼ በኩል የሚመረጡት ደግሞ ጨፌ ኦሮሚያ ይገባሉ፣ ጨፌው የሚሰበሰበው አዳማ ላይ ነው። የገበያ ቀን ሁለቱ ወገን አንድ ገበያ ላይ ይገናኛል፣ በሬ ይሸጣል ይገዛል። ሕግ የሚወጣለት ግን በተለያየ አዳራሽ ነው።

«ሕጉን የሚያወጣውም የሚፈርመውም አፈ ጉባኤው ነው»

ሕግ የሚያወጣው ምክር ቤቱ ነው፣ በድምፅ። ለፊርማ ደግሞ ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል። በፌዴራል ደረጃ አዋጁ ለአገሪቱ ፕሬዚዳንት ይቀርባል። በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል። በክልላችን የሚፈርመው ርዕሰ መስተዳድሩ ነው። ዝክረ ሕግ የሚባለውን የክልሉን ጋዜጣ አግኝታችሁ የአንድ አዋጅ መጨረሻ ገጽ ብትገልጡ ከታች የምታዩት የእሱን ስም ነው። አፈ ጉባኤውን እዚያ አታገኙትም።

«አፈ ጉባኤን ርዕሰ መስተዳድሩ ይሾመዋል»

ተቃራኒው ነው። አፈ ጉባኤውንም ርዕሰ መስተዳድሩንም የሚመርጠው ምክር ቤቱ ነው፣ አፈ ጉባኤውም ከአባላቱ መካከል ነው የሚመረጠው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 50 ላይ የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ተጠሪነቱም ለክልሉ ሕዝብ ነው ይላል። በወረቀት ይህ ነው። በተግባር ግን ዕጩውን የሚያቀርበው አብላጫ ወንበር የያዘው ፓርቲ ነው፣ ፓርቲው ውስጥ ያለቀው ነገር ደግሞ ጉባኤው ላይ በሙሉ ድምፅ ሲያልፍ ደጋግመን አይተናል። ጎረቤቴ «ምክትሉ ነው» የሚለውን ሰምተው ያመኑት ለዚህ ነው፣ የሚታየው ነገር እንደዚያ ስለሚመስል። ለእኔ የአፈ ጉባኤው ትልቁ ፈተናም እዚሁ ላይ ነው።

«ርዕሰ መስተዳድሩ ቢሞት ወንበሩን አፈ ጉባኤው ይረከባል»

ይህ ከአሜሪካ ፊልም የመጣ ይመስለኛል። እዚያ የተወካዮች ምክር ቤቱ አፈ ጉባኤ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ቀጥሎ ተተኪ ነው። እኛ ጋ እንደዚያ አይደለም። አቶ መለስ በነሐሴ 2004 ሲያርፉ ሥራውን የያዙት ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኃይለማርያም ደሳለኝ ናቸው፣ መስከረም 2005 ላይም ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አፈ ጉባኤው አባዱላ ገመዳ በአፈ ጉባኤነታቸው ቀጠሉ። በክልላችንም ሰኔ 15 ቀን 2011 ዶክተር አምባቸው መኮንን ሲገደሉ፣ ያ ሰንበት ዛሬም ከልባችን አልወጣም፣ ምክር ቤቱ በሐምሌ ተሰብስቦ ተመስገን ጥሩነህን መረጠ። የአፈ ጉባኤው ድርሻ ያን ጉባኤ መምራት ነበር።

«አፈ ጉባኤው ከለቀቀ ምክር ቤቱ ይቆማል»

አይቆምም። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ኬሪያ ኢብራሂም ሰኔ 1 ቀን 2012 ከሥልጣን ለቀቁ። ምክር ቤቱ በሁለተኛው ቀን፣ ሰኔ 3፣ በኮሮና ምክንያት ስለተላለፈው አገራዊ ምርጫ መራዘም ውሳኔውን አሳለፈ። አፈ ጉባኤው ከተቃወመ ጉባኤ አይጠራም የሚሉም አሉ። የተወካዮች ምክር ቤት በዕረፍት ላይ ሳለ እንኳን ከግማሽ በላይ አባላት ከጠየቁ አፈ ጉባኤው ስብሰባ የመጥራት ግዴታ አለበት።

«የክልል አፈ ጉባኤ የፌዴራሉ አፈ ጉባኤ የበታች ነው»

የዕዝ ሰንሰለት የላቸውም። እንዲያውም የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው፣ ወይም በሕዝብ እንዲመረጡ ያደርጋሉ።

«የወንድ ወንበር ነው»

ይህን ዛሬም የሚል ሰው መኖሩ ያሳዝነኛል። የፌዴሬሽን ምክር ቤት የመጀመሪያዋ አፈ ጉባኤ ራሷ ሴት ነበረች፣ ወይዘሮ አልማዝ መኮ። በክልላችን ወይዘሮ ወርቀሰሙ ማሞ መርተውታል። በመስከረም 2014 ደግሞ የአማራ ክልል ምክር ቤት ወይዘሮ ፋንቱ ተስፋዬን፣ ጨፌ ኦሮሚያ ወይዘሮ ሰዓዳ አብዱረህማንን መረጡ። ሁለቱም ሰሜን ሸዋዎች ተወካዮቻቸውን የላኩት ሴት ወደምትመራው ጉባኤ ነው።

«የጡረታ ቦታ ነው፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ የለም»

አባዱላ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ከኦሮሚያ ርዕሰ መስተዳድርነት፣ አገኘሁ ተሻገር ደግሞ ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ከእኛው ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት ነው የመጡት፣ ወሬው የመጣው ከዚህ ይሆናል። ግን ሙላቱ ተሾመ የፌዴሬሽን ምክር ቤቱን ከመሩ በኋላ በ2006 የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ሙፈሪያት ካሚልም ከአፈ ጉባኤነት በጥቅምት 2011 በቀጥታ የሰላም ሚኒስትር ሆኑ። እውነት ለመናገር እኔን የሚያስጨንቀኝ የጡረታ ቦታ መሆኑ ሳይሆን ይሄ መመላለሱ ነው። ዛሬ አስፈጻሚውን በጥያቄ የሚያስጨንቅ ጉባኤ የሚመራ ሰው፣ ነገ ራሱ አስፈጻሚው ውስጥ ወንበር የሚጠብቅ ከሆነ አፉ ለማን እንደሚያደላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ይህን ሁሉ ለጎረቤቴ ስነግራቸው ሻያቸው ቀዝቅዞ ነበር። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፦ «ከ294ቱ ውስጥ ከእኛ አካባቢ የሄዱት እነማን ናቸው?» እኔ ሁለት ስም አወቅሁ፣ ልጁ አንድ ጨመረ። የቀሩትን አጣርቼ በወረቀት ላመጣላቸው ተስማምተን ተለያየን።